በቴሌቪዥን ያባረርኳቸው እትዬ አስካለ

ከመካነ ሰላም የወጣሁ ዕለት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ አባቴ እህል የጫነ መኪና ላይ አሳፈሩኝ። ቄስ ናቸው፤ ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና «አብሽሪ፣ አጎትሽ ይቀበልሻል» አሉኝ። እንደኔ ከወግዲም ከደጎሎም የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኛ ወሎዎች ዘንድ «አይዞህ» ለማለት ቄሱም ሼኩም አብሽር ይላል። አዲስ አበባ ግን ቃሉ ባመለጠኝ ቁጥር ይስቁብኝ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። አጎቴ ቤት ሆኜ ትምህርቴን ጨረስኩ፤ በቀበሌ ኪነት ስጫወት ያዩኝ ሰዎች ደግሞ ለቴሌቪዥን ድራማ ወሰዱኝ። ስቱዲዮው ውስጥ የመብራቱ ሙቀት አይጣል ነው። በመካነ ሰላም ብርድ ያደግኩት ልጅ ላቤ ሜካፑን ይዞት ይወርዳል። ድራማው የሚተላለፈው በቀጥታ ስለሆነ ቢሳሳቱ አቁሞ መድገም የለም። ምሳችን ዳቦ በሻይ ነበር፤ የቤታችን የገብስ ቂጣ በዓይኔ ይዞራል።

የተሰጠኝ ቦታ የባሏን እናት ከቤት የምታስወጣ ምራት ነው። አማቴን ሆነው የሚሠሩት እትዬ አስካለ የሚባሉ አንጋፋ ተዋናይ ናቸው። እንዴት እንደማባርራቸው ያለማመዱኝም ራሳቸው ናቸው። «አትዘኝልኝ፣ ገፍተር አድርጊኝ» ይሉኛል።

ያኔ አጎቴ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ስለነበር ወይዘሮ የሺ ቤት በደባልነት ገብቻለሁ። ወይዘሮ የሺ ድራማውን ቀበሌ አዳራሽ ሲያዩ አምሽተው፣ በማግስቱ ፍራሼን ጠቅልለው ደጃፍ አቆሙት።

«እማማ የሺ፣ ድራማ እኮ ነው።»

«አይቻለሁ።»

«የተጻፈልኝን ነው ያልኩት።»

«ጥሩ አድርገሽ ነዋ ያልሽው! እኔም አርጅቻለሁ ልጄ፤ እንዳንቺ ያለ ሰው ቤቴ አላሳድርም።»

ፍራሼን ተሸክሜ ልምምድ ገባሁ። ነገሩን ስነግራቸው እትዬ አስካለ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ «በይ ነይ፣ ያባረርሻት አማት ትርፍ አልጋ አላት» አሉኝ። ለዓመታት አብሬያቸው ኖርኩ። ሲከፋኝ አጽናኑኝ፣ ስታመም አስታመሙኝ፤ በዚህ ሙያ ሰው የሆንኩት በእሳቸው ነው።

ወሬው ግን አገር ቤት ደርሶ ኖሯል። ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ የመጣ የመካነ ሰላም ነጋዴ ሻይ ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን አይቶኝ ለአባቴ ነገራቸው። ይህን ስሰማ ቴሌ ሄጄ አባቴን በቀጠሮ መካነ ሰላም ስልክ ቤት አስጠራኋቸው። እትዬ አስካለም ካልሄድኩ ብለው ተከተሉኝ።

አባቴ ሰላምታውን እንደጨረሱ «አሮጊት ከቤቷ አስወጣሽ የሚሉት እውነት ነው?» አሉኝ።

«አባ፣ የማስመሰል ሥራ ነው። ሴትዮዋ እኮ ያስጠጉኝ ናቸው። ይኸው አጠገቤ ቆመዋል።»

«እስቲ ስጫቸው» አሉኝ።

እትዬ አስካለ መነጋገሪያውን በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፉ። «አሜን» ይላሉ። «አሜን፣ አባቴ። አሜን።» ከዚያ ጥቂት አዳምጠው መነጋገሪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ምን አሉ?»

«መረቁኝ።»

«እኔንስ?»

«አንቺ ጋ ሳይደርሱ ተቆረጠ።»

በማግስቱ በጠዋት ሁለታችንም ቴሌ ተመልሰን ሄደን ተሰለፍን።