«ገና ነው» ያልኩት ልጅ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ያለፈው ከቶሮንቶ ራቅ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአንድ የበረዶ ሆኪ ሜዳ የላይኛው ወንበር ላይ ነው። አለቃዬ ዋልተር የሚባል አንጋፋ ስካውት ነበር። ስካውት ማለት ለፕሮፌሽናል ክለብ ወጣት ተጫዋቾችን እየዞረ የሚያይና የሚመርጥ ሰው ነው። ጨዋታው እንደተጀመረ ዐይኔ ፓኩን፣ በበረዶው ላይ በዱላ የሚመታውን ክብ ጎማ፣ ተከትሎ ሲሮጥ አየና ክንዴን ነካ አደረገኝ።

«ፓኩን ትኬት የገዛ ሁሉ ያየዋል» አለኝ። «አንተ የሚከፈልህ ፓክ ያልያዘውን ልጅ እንድታይ ነው።»

ያን ቀን የተከላካዮችን እግርና አንገት ሳይ ዋልኩ። ማን እንዳሸነፈ ዛሬም አላውቅም።

ያደግኩት ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር ነው። ሆኪ የለመድኩት ከተማው በክረምት ውሃ አፍስሶ በሚያቀዘቅዘው ሜዳ ላይ ሲሆን፣ እስከ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቻለሁ። ጉልበቴ ሲከዳኝ ወደዚህ ሥራ ገባሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰዎች ሥራዬን ሲጠይቁኝ «ሆኪ አያለሁ» እላለሁ። «እሱማ ጨዋታ ነው፤ ሥራህን ነው የጠየቅንህ» ይሉኛል። ማስረዳቱ ሲሰለቸኝ «ኦፊስ ነው የምሠራው» ማለት ጀመርኩ።

ክለቡ ያለው በሌላ ከተማ ነው። እኔ ቶሮንቶ ሆኜ የኦንታሪዮን ክፍለ ሀገር ልጆች አያለሁ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ክለቡ የመረጣቸውን ልጆች እንድከታተል ተመደብኩ። እያንዳንዱ ልጅ መቼ ፕሮፌሽናል ይሁን የሚለውን ሐሳብ የማቀርበው እኔ ነኝ። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የክለቡ ጄኔራል ማናጀር ነው።

ናትናኤል ከመረጥናቸው አንዱ ነበር። እዚሁ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ያደገ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ተከላካይ ነው። አባቱ አቶ ግርማ ኖርዝ ዮርክ የአንድ ሕንፃ የጥገና ሠራተኛ ናቸው። እናቱ ወይዘሮ ሰናይት ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን ይንከባከባሉ። ሁለቱንም ከቤተ ክርስቲያን አውቃቸዋለሁ፤ ልጁን የመረጠው ግን ከእኔ በፊት ዋልተር ነው።

በዚያን መስከረም ናትናኤል በክለቡ ካምፕ ከጎልማሶቹ ጋር ድንቅ ሆኖ ሰነበተ። በጊዜው ደንብ በእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ መካከለኛ መንገድ አልነበረውም። ወይ ውል ፈርሞ በዋናው ቡድን ይቀራል፣ ወይ ከእኩዮቹ ጋር ወደሚጫወትበት ጁኒየር ሊግ ይመለሳል።

ክለቡ ለወዳጅነት ጨዋታ ቶሮንቶ ሲመጣ ማናጀሩ ወዳረፈበት ሆቴል ጠራኝ። ሁለት ተከላካዮች ተጎድተውበት ተጨንቋል። ልጁን ሊያስቀረው ፈልጓል።

«ዝግጁ ነው?» አለኝ።

«ገና ነው» አልኩት።

ምክንያቴን ነገርኩት። ናትናኤል ፓኩን ከማዕዘን ሊያወጣ ሲገባ ከኋላው ማን እንዳለ ዞር ብሎ አያይም። ከእኩዮቹ ጋር ፍጥነቱ ያድነዋል። ሠላሳ ዓመት የሞላው ግዙፍ ሰው ግን እዚያው ጠብቆ ያገኘዋል። አንድ ዓመት ጁኒየር ይጫወት፤ ይህን ይማር፤ ከዚያ ይፈርም። ማናጀሩ ብዙ አሰበና ተስማማ።

ወላጆቹና ልጁ ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ውስጥ ይጠብቁን ነበር። ስነግራቸው የአቶ ግርማ ፊት ተለወጠ።

«ብረት የሚቀጠቀጠው እንደ ጋለ ነው» አሉ። «ሲጠሩህ ካልገባህ በሩን ለሌላ ይከፍቱታል። እንዴት ነው ዳዊት፣ አንተ የኛ ሰው ሆነህ ልጄን ወደ ኋላ የምትመልሰው?»

«ጋሽ ግርማ፣ የማንም ልጅ ቢሆን የምለው ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ይቀረዋል።»

«ጎል አግብቷል እኮ! ከትልልቆቹ ጋር ተጫውቶ ጎል አግብቷል!»

ማናጀሩ የምንለው ባይገባውም የአባትየውን ቁጣ አየ። በእንግሊዝኛ «ለልጁም እዚያ ይሻለዋል፤ እዚያ አይጎዳም» አላቸው።

ወይዘሮ ሰናይት «አይጎዳም» የሚለውን ሲሰሙ «እንግዲያው ይመለስ» አሉ።

አቶ ግርማ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ናትናኤል ምንጣፉን እያየ «ኢትስ ኦኬ፣ ዳዲ» አለ። «አንድ ዓመት ነው።»

በየሳምንቱ ወደሚጫወትበት ከተማ እየነዳሁ ሄድኩ። ከልምምድ በኋላ ሜዳው ላይ ብቻችንን እንቀራለን። ፓኩን ወደ ማዕዘን እመታለታለሁ፤ እሱ ሊደርስበት ሲል በግራም በቀኝም ትከሻው ላይ ዞሮ ያያል፤ ከኋላው የቆምኩት እኔ ስንት ጣት እንዳነሣሁ ጮኾ ይነግረኛል። መጀመሪያ ይስቅ ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ሳላዘው ያደርገው ጀመር። ሪፖርቴ ላይ «ተምሯል» ብዬ ጻፍኩ።

የተጎዳ ቀን እዚያው ነበርኩ። ፓኩ ማዕዘን ገባ። ናትናኤል በግራ አየ፣ በቀኝ አየ፤ የተጋጣሚው አጥቂ ገና ሩቅ ነበር። ፓኩን ለጓደኛው አቀብሎ ጨረሰ። አጥቂው፣ ያውም ከእሱ በዕድሜ የሚያንስ ልጅ፣ ፍጥነቱን መግታት ሲገባው ሳይገታ ጀርባውን ገፋው። የናትናኤል ጭንቅላት ከሜዳው ግድግዳ ጋር ተጋጨ።

ወይዘሮ ሰናይት ጋ ኮል ያደረግኩት እኔ ነኝ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዐይኑን ገልጧል?»

«ገልጧል።»

«ያውቃችኋል?»

የሆስፒታሉን አድራሻ ነገርኳቸው።

ከሆስፒታል ሲወጣ ቤታቸው ሄድኩ። መብራት ስለማይችል እናቱ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነውታል። የሰሐን ድምፅ እንኳ ያስመልሰው ስለነበር በፕላስቲክ ሰሐን ይበሉ ነበር። ሐኪሞቹ ወደ ሆኪ እንደማይመለስ ነግረውታል። አልጋው ጫፍ ተቀምጬ ሳለ በዝግታ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ አላስታውስም። ዲድ አይ ሉክ? ዞሬ አይቼ ነበር?»

«አይተሃል» አልኩት። «በሁለቱም በኩል አይተሃል።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ።

በቀጣዩ የስካውቶች ስብሰባ ማናጀሩ ስሙን ከዝርዝሩ ሰረዘ። ከዚያ በሁሉም ፊት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ያን ልጅ አስፈርመነው ቢሆን ኖሮ የሕክምናውና የደመወዙ ጣጣ የኛ ነበር። ጥሩ ፍርድ ፈርደሃል» አለኝ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዓመቱ የክፍሉ ኃላፊ አደረጉኝ። ባለቤቴ እንኳን ደስ አለህ ስትለኝ እንዳትደግመው ለመንኳት።

አቶ ግርማ ሰላምታ ነፈጉኝ። ቤተ ክርስቲያን እኔ በተቀመጥኩበት በኩል አይቀመጡም። አልፈረድኩባቸውም። ናትናኤል ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ የአበባ መጋዘን ውስጥ ጠዋት ጠዋት መሥራት ጀመረ፤ ከሰዓት በኋላ ራሱን ያመዋል።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አቶ ግርማ ፓርኪንጉ ላይ ወደ እኔ መጡ። ጸጉራቸው ሸብቷል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ። «ያን ጊዜ ‹ዝግጁ ነው፣ ይፈርም› ብትል ኖሮ ልጄ ዛሬ ደህና ነበር?»

«አላውቅም፣ ጋሽ ግርማ።»

«ሌላ መልስ ብትሰጠኝ አላምንህም ነበር» አሉና ሄዱ። ዕርቅ አልነበረም። በሚቀጥለው እሑድ ግን በዐይናቸው ሰላም አሉኝ።

አሁን ጡረታ ልወጣ ነው፤ ተተኪ ስካውቶችን አሠለጥናለሁ። ስለ ናትናኤል ስነግራቸው «ተሳስተህ ነበር ወይ?» ይሉኛል። በዚያ መስከረም ልጁ ዝግጁ አልነበረም፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ እላለሁ። ተጫዋች ዝግጁ መሆን አለመሆኑ ይታያል፤ ሥራችንም እሱ ነው። የት ቢጫወት እንደማይጎዳ ግን አይታይም። ስለዚህ ለወላጅ «ዝግጁ ነው» ወይም «ገና ነው» በሉ። «እዚያ አይጎዳም» አትበሉ።