ለኮዲ የተነጠፈ ፍራሽ

አክስቴን እታለማሁን ሳሎኗ መሃል ፍራሽ አንጥፋ፣ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣ አገኘኋት። የሞተው ውሻዋ ነው። «ማንንም አልጠራሁም» አለችኝ። በሩን ግን አልቆለፈችውም።

ኮዲ አላስካ ውስጥ በበረዶ ላይ ጋሪ ሲጎትት የኖረ ውሻ ነበር። አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ እዚህ አሌክሳንድሪያ ድረስ ያመጣችው ሜሪ የምትባል የአክስቴ ጎረቤት ናት። ሜሪ አርጅታ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ስትገባ «ልጄ መጥቶ እስኪወስደው ላንድ ሳምንት ብቻ» ብላ ለአክስቴ ተወችላት። ልጅየው ሳይመጣ ዓመታት አለፉ።

አክስቴ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ያደገችው ውሻ ደጅ በሚያድርበት ቤት ስለሆነ፣ መጀመሪያ ሰሞን በሩ ሥር ፕላስቲክ አንጥፋለት፣ ገመዱን የምትይዘው በሥራ ጓንቷ ነበር። ኮዲ ደግሞ ሳይጎትት መሄድ አያውቅም። ፓርኪንጉን እያዳፋ ሲያዞራት፣ ከታች ቤት የሚኖሩት ጋሽ ወልደአምላክ በረንዳቸው ላይ ሆነው ይስቁባታል።

«እታለማሁ፣ አንቺ ነሽ እሱን የምታንሸራሽሪው፣ እሱ ነው አንቺን?»

«እርስዎን እንዲያንሸራሽር ልላክልዎት?»

ከዚያ ጉልበቷን አመማት። ሐኪሙ በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ አላት። ከአፓርታማው ጀርባ ያለውን ዳገት ግን አልቻለችውም። አንድ ቀን ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ገመዱን ወገቧ ላይ አሰረችና «በል እንግዲህ» አለችው። አንገቱን ደፍቶ እስከ ጫፍ አወጣት። ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ዳገቱን የሚወጡት እንደዚያ ነበር፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ «ቀስ በል፣ ኮዲ፣ ቀስ በል» እያለች። ጓንቱ ቀረ። ፕላስቲኩም ተነሣ። በፍልሰታ እሷ ሽሮ እየበላች ለእሱ ሥጋ ስትቀቅል፣ ጋሽ ወልደአምላክ «ሽታው ጾሜን አስፈታኝ» ይሏት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ኮዲ ዳገቱ መሃል ላይ ቁጭ አለ። ያን ዕለት እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። አክስቴ ገመዱን ከወገቧ ፈታች። አጠገቡ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ ውኃ በመዳፏ አቀረበችለት፤ አልጠጣም። ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ የእንስሳት ሐኪሟ ልቡ ደክሟል፣ የምናደርገው የለም አለችን። አክስቴ እንግሊዝኛው ያልገባት ይመስል ወደ እኔ ዞረች። እኔም ያንኑ በአማርኛ ደገምኩላት።

አሁን ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይተው ጋሽ ወልደአምላክ ገቡ። ኮፍያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።

«እንግዲህ… ነፍስ ይማር አይባል። ምን ይባላል?» አሉ።

«ዝም ብለው ይቀመጡ» አለቻቸው።

ተቀመጡ። አክስቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ግጥም አይደል? እስቲ ሙሾ አውርጂለት። ሁለት ስንኝ ይበቃዋል። እንዲሁማ አይሄድም።»

እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ግን ዓይኗን አየሁና እሞክራለሁ አልኳት። ሙሾ የሟቹን አባት ይጠራል፣ አገሩን ያነሣል።

«አባቱ ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«አገሩስ? ስለ አላስካ ነግራሽ ታውቃለች ሜሪ?»

«በረዶ ነው አለችኝ። ሌላ ምን ትበለኝ።»

ጋሽ ወልደአምላክ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። «ዳገቱን» ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ እዚያው ቀረ። «ዳገቱን» አልኩ እንደገና። ሁለቱም ጠበቁኝ። የሚቀጥለው ቃል አልመጣም።

«ተይው ልጄ» አለች አክስቴ።

ዳገቱን የምትወጣበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፤ በሩ ጀርባ የተሰቀለውን ገመድ አወረደችና እንደ ልማዷ ወገቧ ላይ አሰረችው። ካሰረችው በኋላ ነው እጇ ቀጥ ያለው። ጋሽ ወልደአምላክ ግድግዳውን አዩ። እኔ ተነሥቼ የገመዱን ጫፍ ያዝኩ።

ሁለታችን ወጥተን ዳገቱ ሥር ደረስን። ከፊት ሆኜ ጎተትኩ። አክስቴ ትከብዳለች፣ እኔ ቀጭን ነኝ፤ ገመዱ መዳፌን ላጠኝ። ኮዲ ቁጭ ያለበት ቦታ ስንደርስ መጎተቱን ተውኩ። ከኋላዬ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ቀስ በል፣ ኮዲ» አለች።

እኔ ግን ቆሜ ነበር።