ታክሲ ውስጥ የተኛሁበት ክረምት

ባለፈው ሐሙስ ከኢምፔሪያል ወደ ቦሌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው መኪናው ውስጥ የእርጥብ ሹራብና የጭቃ ጫማ ሽታ ታፍኗል። ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ሴት አራት የጫማ ካርቶን አቅፋ፣ ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ተኝታለች። ስልኳ በየደቂቃው ይጠራል፤ አትሰማም። ረዳቱ ትከሻዋን ነካ አድርጎ መድረሳቸውን ሲነግራት ብንን አለችና፣ ዓይኗ በደንብ ሳይገለጥ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «መንገድ ላይ ነኝ፣ አምስት ደቂቃ» አለች። ካርቶኖቿን ሰብስባ ዝናቡ ውስጥ ገባች።

እኔም እዚያው ወራጅ ነበርኩ፤ ግን ትንሽ ዘግይቼ ነው የወረድኩት። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ጉልበቱ ቶሎ አይታዘዝም ብዬ ለራሴ ሰበብ ሰጠሁ። እውነቱ ሌላ ነው። በዚሁ መስመር፣ በእንዲህ ዓይነት ሐምሌ፣ እኔም እንደ እሷ ተኝቼ አውቃለሁ። እኔን ግን የቀሰቀሰኝ አልነበረም።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከኮምቦልቻ ከመጣሁ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አራቱን ዓመት የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። አስቴርን ያገኘኋት እዚያ ነው። የወልቂጤ ልጅ ናት፤ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ስትቆጣ ደግሞ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ለሰው ማጠቡ ሲመረን፣ ያጠራቀምናትን አዋጥተን ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ገባ ብሎ የጉድጓድ ውሃ ያለው ግቢ ተከራየንና የራሳችንን ላውንደሪ ከፈትን። ላውንደሪ ስል አንድ አሮጌ ማሽን፣ ስድስት ሳፋ፣ ሁለት ካውያና ግቢውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ገመድ ማለቴ ነው።

ደንበኞቻችን አትላስ አካባቢ ያሉ የእንግዳ ማረፊያዎች ነበሩ። አንሶላ፣ ፎጣና የትራስ ልብስ ይልኩልናል። በበጋ ሥራው ደስ ይል ነበር። ጠዋት ያሰጣነው አንሶላ ለምሳ ሳንቀመጥ ይደርቃል፤ ስናወርደው ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል። ክረምት ሲገባ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት በክረምት ነው። ማረፊያዎቹ ጢም ብለው ይሞላሉ፤ የእኛም ሥራ ይደራረባል። ፀሐይ ደግሞ የምትጠፋው ልክ በዚያው ሰሞን ነው።

እንግዲህ በሐምሌ የምንኖረው ለሰማዩ ነበር። ፀሐይ ብልጭ ስትል የያዝነውን ጥለን እናሰጣለን፤ ሰማዩ ሲያጉረመርም ሮጠን እናወርዳለን። ይህ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ይሆናል። ሶላት ላይ ቆሜ እንኳ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ከሰማሁ ልቤ ወደ ገመዱ ይሄዳል። ከዚያም እግሬ ይከተለዋል። ፀሐይ በጭራሽ እምቢ ስትል ክፍሉ ውስጥ ከሰል አቀጣጥለን፣ ያንኑ አንሶላ በካውያ ደጋግመን እየተጫንን እናደርቃለን። ምሳችን ዳቦ በሻይ ነው። ጎረቤታችን በቆሎ ጠብሳ ስትልክልን እንኳ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ካውያውን እየገፋሁ ነበር የምበላው።

አስቴር እሑድ እሑድ ቦሌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ አስቀድሳ የምትመለሰው አረፋፍዳ ነው። ስትመለስ ፊቴን አጥቁሬ እጠብቃታለሁ። እሷ ነጠላዋን አጣጥፋ እጅጌዋን እየሰበሰበች፣ አንቺም አርብ ከሰዓት አትሥሪ፣ ጀርባሽን አሳርፊው ትለኛለች። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ክረምቱ ይለፍና። እናቴን ለማየት ኮምቦልቻ መሄዱ፣ የሚያመኝን ጥርስ ማሳየቱ፣ የአስቴርን ልጅ ልደት ማክበሩ፣ ሁሉም ክረምቱ ይለፍና ነበር። ያ ክረምት ደግሞ ሦስተኛው ነው።

ትልቋ ደንበኛችን ወይዘሮ አልማዝ ይባሉ ነበር። አትላስ አጠገብ አሥራ ስምንት ክፍል ያለው ማረፊያ ነበራቸው። ጨዋ ናቸው፤ ቃል ያከብራሉ፤ ቃል እንዲከበርላቸውም ይፈልጋሉ። በዚያ ሳምንት የአንድ ቤተሰብ ዘመዶች ለሠርግ ከውጭ ተሰብስበው ሊያርፉባቸው ነበር። እንግዶቹ እኩለ ቀን ላይ ይገባሉ፤ የሁሉም አልጋ አንሶላ እኛ ጋ ነው። ለሦስት ቀን ፀሐይ የሚባል አልታየም። እኔና አስቴር በካውያ ስናደርቅ ሰነበትን። እኔ በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ከልቤ ተኝቼ እንደነበር አላስታውስም፤ አንድ ሁለቴ ወንበር ላይ አሸልቤያለሁ።

ያን ዕለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ተተኩሶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ትልቅ እስር ሆነ። አስቴር ፊቴን አይታ እኔ ልውሰደው አለችኝ። እምቢ አልኳት። እንግዲያው ኮንትራት ታክሲ ያዢ አለችኝ። ለዚች መንገድ ነው እንዴ ብዬ ተሸክሜው ወጣሁ። ኢምፔሪያል ጋ ስደርስ ከገርጂ የመጣ የቦሌ ሚኒባስ ቆመልኝ። ለእስሩም ለብቻው መቀመጫ ከፈልኩና መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ቦሌ ወርጄ የአትላሱን እይዛለሁ፤ ብዙ ቢሆን ግማሽ ሰዓት ነው። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። እግሬ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈው ያኔ ነው። የማስታውሰው እስከዚያ ድረስ ነው።

ስነቃ ጉንጬን ሙቀት ነካኝ። ፀሐይ ወጥታለች። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ አንሶላውን ማስጣት ነበር፤ በዚያች ቅጽበት የት እንዳለሁ አላውቅም። ከዚያ ባዶ መቀመጫዎች አየሁ። መኪናው ገርጂ፣ መነሻው ላይ ቆሟል። ረዳቱ ውጭ ጎማ ይረግጣል። ሾፌሩ፣ ሽበት የወረሳቸው ወፍራም ሰው፣ በሩን ከፍተው ጋቢና ውስጥ ሳምቡሳ ይበላሉ። እስሬ ከጎኔ እንዳለ ነው። ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሰባት አለፈ አሉኝ።

አራት ሰዓት ሙሉ ተኝቻለሁ። ቦሌ ደርሰን ተመልሰናል፤ እንደገና ሄደን እንደገና ተመልሰናል። ሰው ወጥቷል፣ ወርዷል፣ በላዬ ላይ ተንጠራርቶ ሒሳብ ተቀባብሏል። አልሰማሁም። ጮህኩባቸው። ረዳቱን ሰደብኩ፤ በአባቴ ዕድሜ የሚሆኑትን ሰው አንተ አልኩ። ረዳቱ ወደ እሳቸው አየ። ሰውየው እጃቸውን በወረቀት ጠረጉና ሳይቆጡ መለሱልኝ።

«ሊቀሰቅስሽ ሲል የከለከልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ተኝተሽ፣ ረዳቱ ሲነካሽ በድንጋጤ ልትወድቂ ነበር። ዛሬ ፊትሽን በመስታወት ሳየው አላስቻለኝም።»

እኔ የሚጠብቀኝ ሰው አለ እያልኩ አለቅሳለሁ። ያኔ ተንቀሳቃሽ ስልክ በየሰው እጅ አልገባም፤ ወይዘሮ አልማዝም አስቴርም የት እንዳለሁ ሊያውቁ አይችሉም። ሰውየው ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ረዳቱን ግባ አሉት፤ ተሰልፎ የሚጠብቀውን ተሳፋሪ ትተው፣ መስመራቸውን ለቀው በቀጥታ ወደ አትላስ ነዱ። መንገድ ላይ ነው ዓይናቸውን ከፊት ለፊት ሳያነሱ የነገሩኝ። ድሮ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ይነዱ ነበር። እንቅልፍ ሲጥላቸው፣ ትንሽ ልግፋ፣ ትንሽ ልግፋ ሲሉ መኪናው ከነጭነቱ ተገለበጠ። አብሯቸው የነበረው ረዳት እስከ ዛሬ ያነክሳል። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ሩቅ መንገድ ነድተው አያውቁም። እሰማቸው ነበር፤ ግን ጆሮዬ እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። ስንደርስ እስሬን አንስቼ በሩን ሳልዘጋ ሮጥኩ። አላመሰገንኳቸውም።

ማረፊያው ሳሎን ውስጥ ሻንጣ ተደርድሯል። ሕፃናት ሶፋው ላይ በጫማቸው ተኝተዋል፤ አንዲት አሮጊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከእነኮታቸው፣ ግድግዳውን ተደግፈው አንቀላፍተዋል። ከረጅም በረራ መጥተው የሚተኙበት አጥተው ነው። ወይዘሮ አልማዝ ከጎረቤት ማረፊያ አንሶላ ተውሰው የተወሰነውን ክፍል አንጥፈዋል። እስሩን ከእጄ ተቀበሉና ለሠራተኛቸው ሰጡ። ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ተኝቼ ነው አልኳቸው፤ ውሸት እንኳ መፍጠር አቅቶኝ ነው።

«ልጄ፣ ታመሽ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ከአትላስ እስከ ገርጂ በእግሬ ተመለስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ታክሲ ማየት ያስጠላኝ ይመስለኛል። ፀሐይዋ መልሳ ጠፋች፤ ካፊያ ጀመረ። ግቢ ስደርስ በሩ ተቆልፏል፤ ገመዱ ላይ አንድ ጨርቅ የለም። ያን የመሰለ ፀሐይ ወጥቶ ማንም አላሰጣም። አስቴር ከኔ በኋላ መጣች። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ወይዘሮ አልማዝ በጎረቤታችን የቤት ስልክ ደውለው አልደረሰችም ሲሏት፣ መኪና ገጭቷት ነው ብላ ወጥታ፣ ፖሊስ ጣቢያና ሦስት ክሊኒክ ዞራ ነበር። በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ደንበኛዋን እንዳጣናት ነገርኳት። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እኔ ዛሬ የሬሳ ክፍል የት እንደሆነ ጠይቄ ነው የመጣሁት» አለች። «ስለ አንሶላ እንዳታወሪኝ።»

በማግስቱ ሁለታችንም ተቀምጠን ተነጋገርን። እሷ ተናገረች ማለት ይቀላል። እሑድ ዝግ፤ አርብ ከቀትር በኋላ ዝግ፤ በሐምሌና በነሐሴ አዲስ ደንበኛ አንቀበልም፤ ገመዳችን ከሚችለው በላይ አናጥብም። ካልሆነ ድርሻዬን ይዤ እወጣለሁ አለች። እሺ አልኩ። አምኜበት አልነበረም፤ የምከራከርበት ጉልበት ስላልነበረኝ ነው። እንዲያውም በሁለተኛው እሑድ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሾልኬ ገብቼ ስተኩስ፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች ከኋላዬ ደረሰችብኝ። ካውያውን ከሶኬት ነቅላ፣ ገና እየጋለ፣ ይዛው ቤቷ ሄደች። ሰኞ ጠዋት መልሳ አመጣችው።

ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ኢምፔሪያል ላይ ያው ሚኒባስ ቆመልኝ። ረዳቱ አወቀኝና ፈገግ አለ፤ የሾፌሩ ስም ጋሽ ታምራት መሆኑንም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ጋቢና ተቀመጥኩ። ስለ ስድቡ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ችግር የለም፣ የደከመው ሰው አፉ የራሱ አይደለም አሉ። ከዚያ እቃው እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ዘግይቼ ስለደረስኩ ደንበኛዋን እንዳጣኋት ነገርኳቸው። ቦሌ ልንደርስ ስንል ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ጠቀምኳት ብዬ ጎዳሁሽ ለካ።»

መልስ መስጠት ነበረብኝ። ያኔ ግን እኔም ጎድተውኝ ይሁን ጠቅመውኝ አላውቅም ነበር። ወራጅ ብዬ ወረድኩ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም፤ መስመር ቀይረዋል ሲሉ ሰማሁ።

ላውንደሪያችን ለአሥራ አንድ ዓመት ሠራ። አላደገም። ከእኛ በኋላ የከፈቱ ሰዎች የሚያደርቅ ማሽን አስገብተው ሆቴል ያዙ፤ እኛ በዚያችው ገመድ ቆየን። ያን ክረምት ገፍቼበት ቢሆን ኖሮ የት እደርስ ነበር እያልኩ ያሰላሁባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። አስቴር በኋላ ከነቤተሰቧ ወልቂጤ ገባች። እኔ አሁን ቦሌ ሚካኤል አንዲት ጠባብ የልብስ መተኮሻ ቤት አለችኝ። አርብ ከሰዓት እዘጋለሁ፤ ደንበኞቼ ያጉረመርማሉ፤ አንዳንዱም በዚያው ይቀራል።

ማረፍ ለመድኩ ብል ግን መዋሸት ይሆናል። በሩን ቆልፌ ቤቴ ስገባ ዛሬም የሆነ ነገር ያጠፋሁ ይመስለኛል፤ እጆቼን የት እንደማኖራቸው አላውቅም። ሥራዬን ስጨርስ አርፋለሁ ብዬ ነበር የኖርኩት። ሥራው አላለቀም፤ ያለቀው ጉልበቴ ነው። ጀርባዬ፣ ጉልበቴ፣ ካውያ የያዘው ትከሻዬ፣ ሁሉም የዚያን ዘመን ክረምቶች አንድ በአንድ ያስታውሱኛል። እናቴ ጋ የሄድኩት ከዚያ ክረምት በኋላ ነው፤ ደግነቱ በሕይወት ሳለች ደርሼባታለሁ፤ አብረን ሁለት ሳምንት ተቀምጠናል።

ጋሽ ታምራት በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ባገኛቸው ግን ለዚያን ቀን ንግግራቸው አሁን መልስ እሰጣቸው ነበር። አልጎዱኝም እላቸዋለሁ። የሁለት መቀመጫ ሒሳብ ትተው፣ ስድቤን ችለው ያሳረፉኝ እርስዎ ነዎት። በዚያ ክረምት ከልቤ የተኛሁት እነዚያን አራት ሰዓታት ብቻ ነው።