ልጅቷን ተውሼ የቀረሁ ጊዜ

በአዳማ ሙቀት በርና መስኮት ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው ወይ ታሟል ወይ ምስጢር አለው። አንዱ የግቢያችን ጎረቤት ከሥራ እንደገባ በሩን ይዘጋል። ከዚያ የልጅቷ ጩኸት ይሰማል። ወዲያው በየቤቱ የቴሌቪዥን ድምፅ ይጨመራል። አቤት የኛ ሰፈር ሰው ለዜና ያለው ፍቅር! ማስታወቂያውን እንኳ ሻሸመኔ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ነበር የምንከታተለው።

ልጅቷ የእህቱ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት "አስተምራታለሁ" ብሎ ከቡልቡላ አመጣት። የተከበረ ነጋዴ ነው፤ ለቅሶ ቤት ሲገባ ወንበር የሚለቀቅለት። "ቢጠላትማ መች ያመጣት ነበር?" ይላሉ ጎረቤቶቼ፣ ሪሞቱን እያነሱ። ቀበሌ ሄጄ ብናገር አንዱ ኃላፊ፣ "የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ በሽማግሌ ጨርሱት" አለኝ። ሽማግሌዎቹ እነማን ናቸው? እነዚያው ሪሞት የያዙት።

እኔ ደግሞ ድመት ሲያፈጥብኝ መንገድ የምለቅ ጀግና ነኝ። ስለዚህ መዋስ ጀመርኩ። ጩኸቱ ሲሰማ ሄጄ አንኳኳለሁ። ዕቃ ሊዋስ ለመጣ ጎረቤት በር አለመክፈት በኛ ሰፈር ልጅ ከመደብደብ የባሰ ነውር ነዋ!

"ምን ፈለግህ?" ይላል እያለከለከ።

"ጨው፣ ጋሼ።"

በማግስቱ መዶሻ። ቀጥሎ ወንፊት።

"ዛሬስ?"

"መሰላል።"

"በዚያች ቤትህ ምን ልትወጣበት? ጣሪያዋን በእጅህ ትነካው የለ እንዴ!"

"እያጠርኩ ነው ጋሼ። ዕድሜ ነው።"

መሰላሉን እስኪያወጣልኝ ቀበቶው ያርፋል። እኔ ዞር ስል ደግሞ ይቀጥላል። ቤታችን መጋዘን መሰለ። ሚስቴ አንድ ቀን የወንፊት ክምር አደናቅፏት፣ "ወይ ሱቅ ክፈት፣ ወይ ልጅቷን ራሷን ተዋሳትና እንረፍ!" ብላ ጮኸችብኝ።

እሷ ተናዳ ነው። እኔ ግን ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ሚስቴ በርበሬ የሚቀነጥስላት ሰው አጥታለች። ልጅቷን ለትንሽ ጊዜ ያውሱኝ።"

"ከመሰላሉ ጋር መልሳት" አለኝ።

እኔ፣ ሚስቴና ልጅቷ በባጃጅ ፖሊስ ጣቢያ፣ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ሄድን። ፖሊሷ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ ብላ በኦሮምኛ፣ "አካም ጅርታ?" አለቻት። ልጅቷ እጅጌዋን ወደ ታች ሳብ አድርጋ፣ "ነጋ" አለች። ሰላም ነኝ ማለቷ ነው። ምን ይደረግ፣ ጨዋነት የተማረችው ከኛ ሰፈር!

እኔ ሁሉንም እዚያው ልተርክ አፌን ስከፍት ፖሊሷ፣ "አባባ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ። ሲሻት ራሷ ትነግረኛለች" አለችኝ። አባባ! ገና ፀጉሬ ያልሸሸውን ሰውዬ! እያጉረመረምኩ ወጣሁ። በመስኮት ሳይ ልጅቷ ብዙ ቆይታ፣ ቀስ ብላ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች። ያን ጊዜ ቀልድ አልመጣልኝም።

አሁን ዓለም ጤና ከተማ፣ የአባቷ እህት ዘንድ ሆና ትማራለች፤ የምታማክራትም ባለሙያ አለቻት። አጎቷ ፍርድ ቤት ይመላለሳል። ሽማግሌዎቹ ግን በመጨረሻ ከቴሌቪዥናቸው ተነሥተው ቤቴ መጡ።

"በጉርብትና የወሰድከውን መልስ" አሉኝ።

መሰላሉን፣ መዶሻውን፣ ወንፊቶቹን ደጃፍ ላይ ደረደርኩላቸው።

"ልጅቷስ?"

"እሷም ዕቃ ናት እንዴ? የነገረኝ የለም።"

ከዚያ ወዲህ በግቢው ጨው እንኳ የሚያውሰኝ ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ግን፣ ተመስገን፣ ዝቅ ብሏል።