ዕቃው ሳይገባ የተቆረጠ ሞዴል 19

ሥራ የጀመርኩ ቀን ኢንጂነር ግርማ የምቀመጥበትን ወንበር እንኳ ሳያሳየኝ ወደ አንድ ፕሪንተር ወሰደኝና «ወረቀት እየያዘ አስቸገረን፤ እስቲ እዪው» አለኝ። የተቀጠርኩት ለከርነል ነው። ደብዳቤው ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ የፈረመውም እሱ ራሱ ነው። ከፍቼ የተቀረቀረውን ወረቀት አወጣሁለት። ባላወጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ፕሪንተር በተበላሸ ቁጥር «ሰብለን ጥሯት» ሆነ።

ቢሮአችን ኮተቤ፣ ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የምንሠራው መዝገብ የሚይዙ ትንንሽ ማሽኖችን ነው፤ በእኛ አጠራር «ሣጥን»። ስክሪን፣ ስካነርና የጣት አሻራ ማንሻ ይሰካባቸዋል። የራሳቸው ባትሪ ግን የላቸውም።

ከርነል ምን እንደሆነ ለዘመዶቼ ማስረዳት ከተውኩ ቆየሁ። ለሙያው አዲስ ለሆናችሁት ግን ልንገራችሁ። ስክሪን ላይ የምታዩት ፕሮግራም ዲስኩን በእጁ አይነካም። «ይህን አስቀምጥልኝ» ብሎ ለከርነሉ ይሰጠዋል። ከርነሉ መጀመሪያ ሜሞሪ ላይ ያቆየዋል። ሜሞሪ ፈጣን ነው፤ መብራት ሲሄድ ግን የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ከዚያ ወደ ዲስክ ያወርደዋል። ዲስክ ቀርፋፋ ነው፤ አይረሳም። የእኔ ሥራ በሁለቱ መካከል ያለው ኮድ ነበር። ደህና ሲሠራ መኖሩን የሚያውቅ የለም፤ ስሜ የሚነሳው ሲበላሽ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የጻፍኩት ኮድ ጠንቃቃ ነበር። ዲስኩ «ተቀብያለሁ» እስኪል ይጠብቃል፤ ስክሪኑ ላይ «ተመዝግቧል» የሚለው ቃል የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ርካሹ ዲስካችን ለዚህ እስከ አሥራ ሁለት ሰከንድ ይፈጅበታል። ግርማ እነዚያን ሰከንዶች እንደ ደመኛ ነበር የሚያያቸው። እኩያዬ ስለሆነ አንተ ነው የምለው።

«ሰብለ፣ ሰዉ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ይቆማል እኮ። ማሽኑ ስታክ አደረገ ይላሉ።»

«ስታክ አላደረገም፤ እየጻፈ ነው።»

«እና ይህን ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቆሜ ላስረዳ? አፍጥኚው በቃ።»

«የተሻለ ዲስክ ግዛ።»

«አንቺ ደግሞ ሁሉ ነገር በግዢ የሚፈታ ነው የሚመስልሽ።»

ይህ ንግግር ሁለት ወር ሙሉ በየሰኞው ስብሰባ ተደገመ። ቃል በቃል ሸመደድኩት። ከዚያ ግርማ ድንገት ማንሳቱን ተወ፤ እኔም እፎይ ብዬ ወደ ሌላ ሥራ አለፍኩ።

በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ካራ አካባቢ ያሉትን የነባር ገበሬዎች ይዞታ ሊመዘግብ አራት ሣጥን ወሰደ። ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ ሰው ቦቲ ጫማቸው ጭቃ እንደያዘ ሦስት ፎቅ ወጥተው መጡ። ኦቦ ቱሉ ይባላሉ።

«ልጄ፣ ማሽኑን የሠራሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ አባቴ፣ ምን ሆነ?»

«ወረቀቴን ሰጠሁ፤ ጣቴንም ሰጠሁ። ጎረቤቴ ደበላ ድንበሩ ይህ ነው ብሎ መሰከረ፤ እሱም ጣቱን ሰጠ። ጸሐፊዋ ስክሪኑን አዙራ ‹ይኸው፣ ተመዝግቧል› አለችኝ። አሁን የለህም ይሉኛል። የማሽኑ ጥፋት ነው ብለው ወደዚህ ላኩኝ።»

«ከጎረቤትዎ ጋር ተመልሰው ይሂዱና እንደገና ይመዝግቡዎት።»

«ደበላ አረፈ። ከቀበርነው ወር ሆነው።»

ድንበሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው እንዳለ ጠየቅኳቸው። የለም። የደበላ ልጆች መሬቱን ረግጠው አያውቁም። እስከ ዓርብ ምስክርነቱ ካልተገኘ የኦቦ ቱሉ ይዞታ ሳይመዘገብ ይቀራል።

ማሽኔ እንደማይዋሽ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ ጥፋተኛውን ፍለጋ በሚኒባስ ካራ ወረድኩ። የሣጥኑን የሥራ ማስታወሻ ሳነብ ኦቦ ቱሉ ጣታቸውን በሰጡበት ቀን ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኃይል ተቋርጧል። የዕለቱ የመጨረሻ ባለጉዳይ እሳቸው ነበሩ። ጥበቃው ጋሽ ወርቁ ደግሞ በመውጫ ሰዓት ቆጣሪውን ይዘጋሉ፤ አንዴ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሳይጠፋ ተረስቶ የምዝገባው አዳራሽ በጭስ ስለተሞላ ትዕዛዝ ወጥቷል። አገኘሁት አልኩና ደሜ ፈላ።

«ጋሽ ወርቁ፣ አንድ ደቂቃ መታገስ ምን ያቅትዎታል?»

ሽማግሌው አልተቆጡም። «ጸሐፊዋን ጨረስሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ‹ተመዝግቧል› የሚለውን አሳየችኝ፤ ዘጋሁ። ልጄ፣ እኔ ጦር ሠራዊት ውስጥ ሃያ ዓመት ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ሳይገባ ሞዴል 19 አይቆረጥም። ተጠያቂው ገብቷል ብሎ የፈረመው ነው። ማሽንሽ ፈረመ፤ እኔ የዘጋሁት ከዚያ በኋላ ነው።»

ሞዴል 19ን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ንብረት ክፍል ዕቃ መረከቡን የሚያረጋግጥበት ቅጽ ነው። ማሽኔ ሳይረከብ እንደማይፈርም ላሳያቸው ቆርጬ ተመለስኩና ኮዱን ከፈትኩ።

ዲስኩን የሚጠብቀው የኮድ መስመር እንዳይሠራ ተዘግቷል። አጠገቡ አጭር ማስታወሻ አለ፦ «ለጊዜው — ሰብለ»።

ያኔ ትዝ አለኝ። ከአንዱ የሰኞ ስብሰባ በኋላ «እንካ፣ ይኸው ፈጠነልህ» ብዬ በንዴት የዘጋሁት እኔው ነኝ። ግርማ ነገሩን የተወው ለዚህ ነበር። አፍጥኚው አለ እንጂ ኮዱን አልነካም። ለጊዜው ያልኩት ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል፤ እዚህ አገር ለጊዜው የታጠረ ቆርቆሮ የልጅ ልጅ ያይ የለ? ቤቴ ደግሞ ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ዳገቱ ላይ ነው። ክረምት መብራት የማይሄድበትን ቀን ቆጥሬ አላውቅም። መብራት አይጠፋም ብዬ ኮድ የጻፍኩት ታዲያ እኔ ነኝ። በራሴ በገንኩ።

አንድ ተስፋ ነበር። መብራት ሲሄድ መዝገቡ በከፊል ዲስክ ላይ ወርዶ፣ የት እንዳለ የሚናገረው ዝርዝር ሳይጻፍ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው መጋዘን ገብቶ ካርድ ላይ እንዳልሰፈረ ማለት ነው። ዲስኩን አስመጥቼ ይዘቱን ገለበጥኩና ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ጀመርኩ። ኦቦ ቱሉ በየጠዋቱ እየመጡ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ።

«ኦቦ፣ ቤትዎ ይረፉ፤ ሳገኘው እደውላለሁ» አልኳቸው፤ መቀመጣቸው ስላስጨነቀኝ።

«በስልክም ተመዝግቧል ትይኛለሽ። እዚሁ ልሁን» አሉ።

ሐሙስ ከሰዓት በፊት ተገኘ። ደበላ የመሰከሩበት ቅጽ ሙሉ ነው። አሻራቸው ግን የላይኛው ግማሽ ብቻ ነው ያለው፤ ከዚያ በታች ባዶ።

ኦቦ ቱሉ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብለው አዩት። «የደበላ ጣት ነው? ግማሹስ የታለ?»

«ሜሞሪ ላይ ነበር አባቴ። ጠፋ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ይዞታውን የሚያጸድቀው ኮሚቴ አሻራው ለምን ግማሽ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲብራራለት ጠየቀ። ግርማ ረቂቁን አንብቦ ፊቱ ተለዋወጠ።

«‹በመብራት መቆራረጥ ምክንያት› በይ፤ ይበቃል።»

«መብራትማ ሁሌም ይቆራረጣል። የዋሸው ኮዴ ነው።»

«ስምሽ ይበላሻል።»

«ለፕሪንተር ሲሆን ስሜ መቼ ከበደህ?»

ፈርሜ፣ የዘጋሁትን መስመር መልሼ የከፈትኩበትን ኮድም ጨምሬ፣ ዓርብ ካራ ይዤው ሄድኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ደበላ በሕይወት ሳሉ የራሳቸውንም ይዞታ አስመዝግበው ስለነበር ሙሉ አሻራቸው ሌላ መዝገብ ላይ አለ። ግማሹን ከሙሉው ጋር አስተያዩት። አንድ ነው። ምስክርነቱ ተቀባይነት አገኘ፤ ኦቦ ቱሉ በታረመው ኮድ እንደገና ይመዝገቡ ተባለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው። ጋሽ ወርቁ ቆጣሪው አጠገብ ቆመዋል። ጸሐፊዋ አዘዘች፤ ስክሪኑ «እየጻፈ ነው» ይላል።

«ምንድን ነው የምንጠብቀው?» አሉ ኦቦ ቱሉ።

«እስኪገባ ነው።»

«ተመዝግቧል» የሚለው ወጣ። ኦቦ ቱሉ ስክሪኑን ትተው እኔን አዩ። ከዚያ ወደ ጋሽ ወርቁ ዞሩ፦ «ዝጋው።»

ጋሽ ወርቁ ቆጣሪውን ዘጉ። ስክሪኑ ጠፋ። መልሰው ከፈቱት፤ ሣጥኑ እስኪነሳ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ጸሐፊዋ ስማቸውን ፈለገች። ወረቀታቸው፣ ጣታቸው፣ የደበላ ግማሽ ጣት፤ ሁሉም አለ።

«አሁን ሂጂ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ኮድ ሁሉ የፈተንኩት መብራት አጥፍቼ ነው። ዲስኩ ተቀብያለሁ ሳይላችሁ «ተመዝግቧል» ብላችሁ አትጻፉ።