የተክልዬ ዝክርና ሁለቱ ድስቶች

ባለፈው ነሐሴ ሃያ አራት፣ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕረፍት ዕለት፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ጎረቤቴ ቤት ዝክር ተጠርቼ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት የከሚሴ ልጅ መሆኔን ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «የፍቅር አገር» አለችኝ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። አገር እንዲሁ የፍቅር አይሆንም፤ አንዱ የሌላውን ክፋት እየዋጠ ነው የሚያኖረው። ክፋቱ የማን እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ የተክልዬን ዕረፍት በየዓመቱ ትዘክራለች። ሁለት በግ ይገዛል። አንዱን አባቴ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፤ ሌላውን፣ ለሙስሊም እንግዶች የሚሆነውን፣ የግድግዳ ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ቢስሚላህ ብለው ያርዳሉ። የሳቸው በግ የሚሠራው እኛው ጓሮ ቢሆንም ድስቱም ጭልፋውም ከቤታቸው ይመጣል። በኛ ድስት ላይ እኔ፣ በነሱ ላይ ልጃቸው ዘሀራ እንቆማለን። ጭልፋ እንዳይደባለቅ ማንም አስተምሮን አያውቅም፤ እሳት እንደሚያቃጥል እንደምናውቀው እናውቀው ነበር።

ዘሀራ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ነበረች። በዚያ ክረምት ግን አኩርፌያታለሁ። ለአንድ የጸሐፊነት ሥራ አብረን ተፈትነን እሷ አለፈች። ኦሮምኛ እንደሷው እናገራለሁ፤ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ መጻፍ ግን አልችልም ነበር። ማጥናት ይቻል ነበር፤ አላጠናሁም። ይህን የምለው ዛሬ ነው። ያኔ እንጀራዬን ከአፌ የነጠቀችኝ መስሎኝ ነበር።

ዝናቡ አባርቶ ከጨፋ ገጠር የመጡት እንግዶች የጫማቸውን ጭቃ ደጅ ላይ እየፋቁ ገቡ። ቄሱ ባርከው ዳቦው ተቆረሰ። እኛ ጓሮ ነበርን። ዘሀራ ቀስ ብላ ቁቤውን ራሷ እንደምታስጠናኝ፣ ለሚቀጥለውም ፈተና እንደምደርስ ነገረችኝ። ደግነቷ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። ውሃ ልትቀዳ ዞር ስትል ጭልፋዬን ከኛ ወጥ አውጥቼ፣ እያንጠባጠበ፣ የነሱ ድስት ውስጥ ከተትኩት። አማሰልኩትም።

ቀና ስል ቆማ እያየችኝ ነው።

ከቤት እናቴ «ወጡ ይምጣ» ትላለች። የዘሀራ አባትና ሌሎቹ ሙስሊም እንግዶች እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል። እኔ ብናገር፣ ወይም እሷ ያየችውን ብትናገር፣ እናቴ ከዚያ በኋላ ማንን ትጠራለች? ማንስ ይመጣላታል? ዝም ብትል ደግሞ አባቷ ያንን ሥጋ ሊበሉ ነው። ዘሀራ ድስቱን አነሳች፤ ሁለት እርምጃ ሄደችና ጭቃው ላይ ደፋችው።

እናቴ እየሮጠች ስትመጣ «አዳለጠኝ፣ እትዬ» አለቻት። ጋሽ ሰይድ ወጥተው በእንግዶቹ ፊት «የቢሮ ሠራተኛ ሆንኩ ብለሽ ድስት ከበደሽ? በተከበርኩበት ቤት አዋረድሽኝ» አሏት። አንገቷን ደፍታ ሰማች። እኔ ጭልፋዬን ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ሙስሊሞቹ እንግዶች በሽሮ በልተው፣ መርቀው ሄዱ።

ድስቱን ስታጥብ «ለእናትሽ ስል ነው» አለችኝ። «የኔና ያንቺ ግን ዱሜራ፤ አልቋል።»

እንዳለችውም አለቀ። ለእናቴ ስትል በየዓመቱ ተክልዬ እየመጣች ድስቷ ላይ ትቆማለች፤ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ግን ታናሽ እህቷን ጠርታ ታስጠብቃለች። እናቴ እስክትሞት ድረስ «ዘሀራ መልካም ልጅ ናት፤ እጇ ግን አይታመንም» ትል ነበር። አንድም ቀን አላረምኳትም። ለእናቴ ለቅሶ የመጣች ቀን፣ ዘሀራ ድንኳኑ ውስጥ እያለቀሰች «የዝክሯን ድስት ደፍቼባት ፊቷን እንኳ አላጠቆረችብኝም» ብላ ለሰው ስታወራ ሰማኋት። ያኔም ዝም አልኩ።

አሁንም ይቅርታ ለመጠየቅ አልረፈደም የሚል ይኖር ይሆናል። ዘሀራ ግን ከኔ ምንም ፈልጋ አታውቅም። የፈለገችው እናቴ የልጇን ክፋት ሳታውቅ እንድትሞት ነበር፤ እሱንም ብቻዋን አደረገችው። ለኔ የቀረኝ ዝም ማለት ነው፤ እሱን ደግሞ ድሮም እችልበታለሁ።