እናቴ ፈቃድ የወጣችበት ክረምት

ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ የእናቴን ሥራ በጆሮዬ አውቀው ነበር። መካነ ሰላም ከገበያው በላይ ካለው መሥሪያ ቤት ግቢ ገና ሳልደርስ የጽሕፈት መኪናዋ ቀጭ ቀጭ ሲል ከሰማሁ፣ እማዬ ደህና ናት ማለት ነው። ደርግ ከወደቀ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ በዚያ መሥሪያ ቤት በታይፕ የሚጽፍ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ይዛኝ ትሄድና ከጠረጴዛዋ ሥር ሲሚንቶው ላይ ቅልሞሽ እጫወታለሁ። ያለቀ ካርቦን ስትሰጠኝ እጄም አፍንጫዬም ሰማያዊ ሆኖ ቤት እገባለሁ። የካርቦኑ ሽታ በዝናብ ከራሰው የባለጉዳዮች ጋቢ ሽታ ጋር ሲቀላቀል፣ ለእኔ ሐምሌ ማለት እሱ ነበር።

በዚያ ክረምት እማዬ እርጉዝ ነበረች። ነሐሴ መጨረሻ ገደማ እንደምትወልድ በጤና ጣቢያ ተነግሯታል። ማታ ማታ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ካሌንደር ፊት ቆማ በጣቷ ትቆጥር ነበር። ሐምሌ ሃያ አምስት ቀን ፈቃድ ብትጀምር አራስነቷን ጨርሳ፣ ልጁም አንገቱን አጽንቶ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ችግሩ፣ ሐምሌ የበጀት ዓመት መጀመሪያ ነው፤ የአዲሱ ዓመት በጀት ደግሞ ከደሴ አልመጣም። መዋቅር ሊለወጥ ነው፣ ሠራተኛ ሊቀነስ ነው የሚለው ወሬ ግቢውን ሞልቶታል። አባቴ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን ያቀራ ነበር፤ ወላጆቻቸው በእህል ያስቡታል እንጂ ጥሬ ገንዘብ ቤታችን የሚገባው በእማዬ ደመወዝ ብቻ ነው።

«ዘሐራ፣ ሶብር አድርጊ፤ አላህ ያመጣውን እናያለን» አላት አባቴ።

«ሶብሩንስ አደርጋለሁ፤ ማመልከቻውንም እጽፋለሁ» አለችው።

እንዲህ ያጠነከራት የእትዬ ወርቄ ነገር ይመስለኛል። እትዬ ወርቄ የመሥሪያ ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ባለፈው ዓመት ስትወልድ «በጀት የለም፤ ካልመጣሽ በቦታሽ ሰው እንተካለን» ብለዋት በሃያ ቀኗ መጥረጊያዋን ይዛ ተመለሰች። ኮሪደሩን ስትጠርግ ጡቷ ቀሚሷን ሲያርሰው እኔም አይቻለሁ። ልጇን ታላቅ እህቱ አጥር ጥግ ይዛው ትቆማለች፤ እሱ ሲያለቅስ እትዬ ወርቄ ጎንበስ ትልና አጥብቃ ትጠርጋለች። እማዬ ያን ጊዜ ዝም ብላ ነበር። ለዝምታዋ ራሷን ይቅር እንዳላለች ያወቅሁት ግን ብዙ ቆይቼ ነው።

ማመልከቻዋን ራሷ መታችው፣ መዝገብ ቤት አስገብታ ቁጥር አስያዘችው። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው አቶ ጌጡ ከቢሮው ወጥቶ ከጠረጴዛዋ ፊት ቆመ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲያገኘኝ ከረሜላ ይሰጠኛል። ግን ከደሴ ስልክ በተደወለ ቁጥር ፊቱ ይገረጣል።

«ወይዘሮ ዘሐራ፣ ሁኔታውን ታውቂያለሽ። አንቺ ከሄድሽ ሌላ ሰው የምቀጥርበት በጀት የለኝም። ወይ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቂ፣ ወይ በጀቱ እስኪለቀቅ ቆዪ።»

«እሺ፣ ይህንኑ በጽሑፍ ይስጡኝ።»

«ምን?»

«ማመልከቻዬ በጽሑፍ ነው፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁንልኝ።»

አቶ ጌጡ ዙሪያውን ተመለከተ። ደብዳቤ የሚጽፍለት ሌላ ሰው የለም። እማዬ ወረቀቱን ከሁለት ካርቦን ጋር መኪናው ላይ አስገባች፣ ሆዷ ከጠረጴዛው ስላራቃት እጇን ዘርግታ፣ «ይበሉ፣ እየሰማሁ ነው» አለችው። እኔ ጠጠሬን ትቼ ከጠረጴዛው ሥር ቀና አልሁ።

«ጉዳዩ፦ የወሊድ ፈቃድን ይመለከታል» ብሎ ጀመረ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። «በበጀት እጥረት ምክንያት የወሊድ ፈቃድዎን ለጊዜው ያስተላለፍነው መሆኑን…»

መኪናው ቆመ።

«ወሊዱን ወደ መቼ አስተላለፍነው ልበል? መስከረም? ጥቅምት?»

«ፈቃዱን ነው ያልሁት እንጂ ወሊዱን አላልሁም!»

«ፈቃዱ ጥቅምት ሆኖ ልጁ ነሐሴ ከመጣ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ሥር ነው የምገላገለው? ቀኑን ይንገሩኝና ልምታው።»

ኮሪደሩ ላይ የነበረው የእትዬ ወርቄ መጥረጊያ ዝም አለ። አቶ ጌጡ አንገቱ ደም መሰለ። እማዬ ግን አልሳቀችም፤ የቀረውን እንደነገራት መትታ ጨረሰችና ከታች «ግልባጭ፦ ለዞኑ ጽሕፈት ቤት፣ ደሴ» ብላ ጨመረችበት።

«ግልባጭ ማን አለሽ?»

«ለበላይ አካል ግልባጭ ይደረጋል፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ወረቀቱን ከመኪናው ራሱ መንጭቆ አወጣው፣ ቆሞ አነበበው፤ ሳይፈርም ይዞት ገባ። ሲነገር ቀላል የነበረው ነገር ተጽፎ ሲያየው የከበደው ይመስለኛል።

ሐምሌ ሃያ አምስት ደረሰ። የተፈረመ የለም፣ የተከለከለም የለም። እማዬ የጽሕፈት መኪናውን ሸፈነች፣ የመሳቢያውን ቁልፍ መዝገብ ቤት ለምትሠራው ልጅ አስፈርማ አስረከበች፣ እጄን ይዛ ወጣች። በሩ ላይ ዘበኛው ጋሽ ይመር «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ በሰላም ይገላግልሽ» አሉ። «አሚን» አለች ሳትቆም። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። እሷ ግን ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መሀል መሀሉን ሄደች።

ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ይመር ቤታችን መጡ። የበጀት መጠየቂያው ደብዳቤ በአቀስታ ከተማ በኩል ደሴ በሚሄደው የነገ አውቶቡስ መላክ አለበት፣ የሚመታው ሰው ጠፋ፣ ለአንድ ሰዓት ብትመጣ አሉ። «የእኔ ወረቀት ተፈርሞ ይምጣ» ብላ መለሰቻቸው። አባቴ ተነሣ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ጌጡ ራሱ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ከኮቱ ውስጥ ወረቀት አወጣ፤ ፈቃዷ ከነደመወዟ በእጅ ጽሑፍ ተጽፎ፣ ፊርማና ማኅተም አርፎበታል። እማዬ ደጃፉ ላይ እንደቆመች ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ ቀኑን በጣቷ አረጋገጠች፣ ለአባቴ ሰጠችው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ይግቡ» አለችው።

«መግባቱ ይቅር። እንግዲህ ተፈርሟል፤ አሁን እንሂድ?»

«ወዴት?»

«ደብዳቤውን ልትመቺልኝ ነዋ!»

«አሁንማ ፈቃድ ላይ ነኝ፣ አቶ ጌጡ።»

አባቴ እንዳይስቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እማዬ ግን በረጋ ድምፅ፣ የአምናው የበጀት ደብዳቤ ግልባጭ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ፣ የመዝገብ ቤቷ ልጅ እያየች በሁለት ጣትም ቢሆን ልትመታው እንደምትችል ነገረችው። እንዳለችውም ሆነ፤ ደብዳቤው ስሕተት በስሕተት ሆኖ ሄደ፣ በጀቱም እንደምንም መጣ። የሐምሌ ደመወዝ ለሁሉም ዘገየ፤ ለእማዬም ዘግይቶ መጣ፣ ግን አልቀረባትም። ወንድሜ በነሐሴ መጨረሻ ተወለደ። እትዬ ወርቄ ልጇን አዝላ መጥታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስትላት ሁለቱም አለቀሱ።

ዛሬ እኔም ደሴ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ደብዳቤ ከኮምፒውተር በደቂቃ ይወጣል፣ የወሊድ ፈቃዱም ያኔ ከነበረው ረዝሟል። ሆኖም ሐምሌ በመጣ ቁጥር «በጀቱ ይለቀቅና እናያለን» የምትባል እርጉዝ ሴት አትጠፋም። ባለፈው ጊዜ ለአንዷ ማመልከቻ ስጽፍላት ቆይቼ ማታ እናቴን ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ያን ጊዜ ግን ትንሽ እንኳ አልፈራሽም?»

ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ዐይኗም ደክሟል። «እንዴት አልፈራም? ስሜን ከሠራተኛ ዝርዝር አውጥቶት ይሆን እያልሁ ያን ሳምንት እህል በአፌ አልዞረም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ለአንድ ቤት አንድ ፈሪ ይበቃዋል» አለችኝ። ቀጥላም ማመልከቻ የጻፍሁላት ሴትዮ መልሱን በጽሑፍ ጠይቃ እንደሆነ ጠየቀችኝ።